በኖን ብሎኪንግ የብሉቱዝ ሶኬት ላይ የግንኙነት ስህተትን እንዴት እንያዝ?

ጥያቄ፦ በሊኑክስ ላይ በሲ ቋንቋ የምጽፈው ፕሮግራም በአርኤፍኮም (በብሉቱዝ ላይ እንደ ሲሪያል ገመድ መረጃ በሚያስተላልፍ ፕሮቶኮል) በኩል ከአንድ የብሉቱዝ መለኪያ መሣሪያ መረጃ ይቀበላል። ፕሮግራሙ ሌላም ሥራ ስላለበት ሶኬቱን ኖን ብሎኪንግ አድርጌዋለሁ። ኮኔክትን ስጠራ ግን ወዲያው በስህተት ይመለስና ኤርኖ (የመጨረሻው ስህተት ቁጥር) 115 ይሆናል። ሶኬቱን ዘግቼ እንደገና ስሞክር አንዳንዴ 16 ይመጣል። ሳልዘጋ በፖል (ሶኬት ዝግጁ ሲሆን በሚያሳውቅ ጥሪ) ስጠብቅ ደግሞ «ለመጻፍ ዝግጁ ነው» ይለኛል፤ ስጽፍበት ግን 107 ይመልሳል። 111 እና 112ም ያጋጥሙኛል። በየትኛው ልታገሥ፣ በየትኛውስ ላቁም? ወይስ ይህን ሁሉ ትቼ በሌላ ትሬድ ላይ በብሎኪንግ ሶኬት ልሥራው?

መልስ፦ ከ115 ልጀምር፤ ሌሎቹ ችግሮችዎ አብዛኞቹ እሱን ከተረዱበት መንገድ የመጡ ናቸውና። 115 «ኢንፕሮግረስ» የሚባለው ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ጥያቄዎን ተቀብሎ ሥራውን ጀምሯል፤ ውጤቱን ግን ገና አላወቀም። ሶኬቱን ኖን ብሎኪንግ ሲያደርጉት «አታስጠብቀኝ» ብለውታል፤ እሱም ሳያስጠብቅ መለሰዎት። በዚያች ቅጽበት የብሉቱዝ ቺፑ የመጀመሪያውን የጥሪ ምልክት እንኳ አላስተላለፈ ይሆናል። ስለዚህ 115ን እንደ ስህተት ቆጥሮ ሶኬቱን መዝጋት ገና የተጀመረን ሙከራ በገዛ እጅ ማቋረጥ ነው።

16 የሚመጣብዎትም በዚሁ ምክንያት ነው። በሁለት መሣሪያዎች መካከል በአንድ የአርኤፍኮም ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ግንኙነት ብቻ ይኖራል። ሶኬቱን ሲዘጉ ከርነሉ ለወዲያኛው መሣሪያ የመለያያ መልእክት ልኮ ምላሹን የሚጠብቅበት ጊዜ አለ፤ ምላሽ ካጣም ጊዜ ገደቡ እስኪያልቅ ይቆያል። በዚህ መሃል ለዚያው አድራሻና ለዚያው ቻናል አዲስ ኮኔክት ሲጠሩ አሮጌው መስመር ገና በከርነሉ መዝገብ ላይ አለ። «ተይዟል» ይልዎታል፣ እውነቱንም ነው። መፍትሔው ትንሽ ቆይቶ መሞከር ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ያለ ምክንያት አለመዝጋት ነው።

(የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በኢንቴልና በኤአርኤም ማሽኖች ላይ ላለ ሊኑክስ ነው። በኮድዎ ውስጥ ግን ምንጊዜም ቁጥሩን ሳይሆን በኤርኖ ሄደር ፋይል ውስጥ የተሰጠውን ስም ይጠቀሙ።)

ኮኔክት 115 ከመለሰ በኋላ ሶኬቱን ለ«መጻፍ ዝግጁነት» በፖል ወይም ለብዙ ሶኬቶች በሚመቸው በኢፖል ያስመዘግቡና ወደ ሌላው ሥራዎ ይመለሳሉ። ፖል ሲቀሰቅስዎ ደግሞ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ይመጣል። «ለመጻፍ ዝግጁ» ማለት «ተገናኝቷል» ማለት አይደለም፤ «ኮኔክት አብቅቷል» ማለት ነው። በስኬት ይሁን በውድቀት ገና አልተነገረዎትም። የብሉቱዝ ሶኬት በመገናኘት ላይ ሳለ ከርነሉ የመጻፍ ምልክቱን ያፍነዋል። ግንኙነቱ ከሽፎ ሶኬቱ ወደ «ተዘግቷል» ሲሻገር ግን አፈናው ይነሣል፤ የመላኪያ ቋቱም ባዶ ስለሆነ የመጻፍ ምልክቱ ከስህተቱ ጋር አብሮ ይበራል። እርስዎ የመጻፍ ቢቱን ብቻ አይተው ጻፉ፣ ከርነሉም 107 አለዎት፤ «አልተገናኘህም» ማለቱ ነው።

ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው አንድ ጥሪ ብቻ ነው። ጌት-ሶክ-ኦፕትን በሶል-ሶኬት ደረጃ ጠርተው ኤስኦ-ኤረር የሚባለውን ዋጋ ያንብቡ። ዜሮ ከሆነ ተገናኝተዋል። ዜሮ ካልሆነ ያገኙት ቁጥር ኮኔክት ወዲያው ሊሰጥዎ ያልቻለው ስህተት ነው፤ ብሎኪንግ ቢሆን ኖሮ በኤርኖ ላይ ያገኙት የነበረው ያው ቁጥር። የጥሪው የራሱ መመለሻ ሌላ፣ የተነበበው ዋጋ ሌላ መሆኑን ልብ ይበሉ። ጥሪው ራሱ «ተሳክቷል» ብሎ ዜሮ ይመልሳል፤ የግንኙነቱ ዕጣ ያለው በሰጡት ተለዋዋጭ ውስጥ ነው። ሁለቱን ማምታታት እጅግ የተለመደ ነው።

ኤስኦ-ኤረር ሲነበብ ይጠፋል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ላሳይዎ። አንድ ፕሮግራመር ፖል ሲመለስ የሁኔታ መዝገብ የሚጽፍ ፋንክሽን ይጠራል። ፋንክሽኑ ኤስኦ-ኤረርን አንብቦ «112» ብሎ በሎግ ፋይሉ ላይ ያሰፍራል። በሚቀጥለው መስመር ላይ ያለው ዋናው ኮድ ለውሳኔ ያንኑ ሲያነብ ዜሮ ያገኛል፣ «ተገናኝተናል» ብሎም መረጃ መላክ ይጀምራል። ሎጉ ከሽፏል ይላል፣ ፕሮግራሙ ተገናኝቻለሁ ይላል፤ ሰውየው ሎግ መጻፊያውን ሲያጠፋው ችግሩ ይሰወራል። ስለዚህ ዋጋውን በአንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ ያንብቡና በተለዋዋጭ ይያዙት፤ ሎጉም ውሳኔውም ከዚያ ይውሰዱ። ሥራው ወደ ሌላ ፋንክሽን የሚተላለፍ ከሆነም ሶኬቱን ብቻ ሳይሆን የተነበበውን ቁጥር አብረው ያስተላልፉ።

ከቲሲፒ ልምድ ይዘው የመጡ ሰዎች ኤስኦ-ኤረርን ትተው ኮኔክትን ሁለተኛ ጊዜ በመጥራት ውጤቱን ለማወቅ ይሞክራሉ። በቲሲፒ ይህ መንገድ ይሠራል፦ ገና ከሆነ 114፣ ከተገናኘ ዜሮ ወይም 106 ይመጣል። በሊኑክስ አርኤፍኮም ግን አይሠራም። ሶኬቱ አንዴ ኮኔክት ከተጠራበት በኋላ በመገናኘት ላይ ይሁን፣ ተገናኝቶ ይሁን፣ ከሽፎ ይሁን ሁለተኛው ጥሪ 77 ይመልሳል፤ «በተበላሸ ሁኔታ ላይ ያለ ዲስክሪፕተር» እንደማለት ነው (ዲስክሪፕተር ከርነሉ ለሶኬቱ የሚሰጠው ቁጥር ነው)። ደህና እየሄደ ያለ ግንኙነት ላይ 77 አይቶ የሚደናገጥ ብዙ ነው። ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ሕግ አለ፦ የከሸፈ ሶኬት ለሁለተኛ ሙከራ አይሆንም። ዘግተው አዲስ ይፍጠሩ፣ እንደገናም ኖን ብሎኪንግ ያድርጉት። በኢፖል የሚሠሩ ከሆነ ከመዝጋትዎ በፊት ከኢፖሉ ያውጡት። አዲሱ ሶኬት ብዙ ጊዜ ያንኑ የዲስክሪፕተር ቁጥር ይወርሳል፤ ለአሮጌው የመጣና ገና ያልታየ ክስተት በአዲሱ ላይ እንዳይተረጎም መጠንቀቅ ያሻል።

አሁን አንድ ክሽፈትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንከተለው። መለኪያ መሣሪያዎ ጠፍቷል እንበል። ኮኔክትን ጠሩ፣ 115 መጣ። ከርነሉ ለቺፑ «ከዚህ አድራሻ ጋር አገናኘኝ» የሚል የኤችሲአይ (የከርነሉና የቺፑ መነጋገሪያ) ትእዛዝ ይሰጣል። ቺፑ ያንን አድራሻ በሬዲዮ ደጋግሞ ይጠራል፤ ይህ ፔጂንግ ይባላል። የፔጂንጉ ነባሪ የጊዜ ገደብ 8192 ስሎት ነው፤ አንዱ ስሎት 0.625 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ድምሩ 5.12 ሰከንድ ይመጣል። መልስ ሲጠፋ ቺፑ የሁኔታ ኮድ 4 የያዘ ክስተት ይመልሳል፣ ከርነሉም ያንን ወደ 112 ይለውጠዋል። ፖል ይነቃል። የመለሰውን ቢት ቢያትሙት ብዙ ጊዜ 28 ያያሉ፦ 4 ለመጻፍ፣ 8 ለስህተት፣ 16 ለመዘጋት። ኤስኦ-ኤረርን ሲያነቡ 112 ያገኛሉ። ከአምስት ሰከንድ ትንሽ አልፎ የመጣ 112 ካዩ እንግዲህ ታሪኩ ይኸው ነው፦ ወዲያኛው መሣሪያ ጠፍቷል፣ ርቋል፣ ወይም ጥሪ መስማት አቁሟል።

አንድ ሌላ ዕድልም አለ፤ አድራሻው የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። በከርነሉ መዋቅር ውስጥ የብሉቱዝ አድራሻ ስድስት ባይት የሚቀመጠው በወረቀት ላይ ከምናነበው በተቃራኒ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ባይቶቹን በእጅዎ ከሞሉና ቅደም ተከተሉን ከሳቱ ማንም የማይመልስለትን አድራሻ እየጠሩ ነው፤ የሚያገኙትም ያው 112 ነው። መሣሪያው ጠረጴዛዎ ላይ በርቶ ሳለ ሁልጊዜ 112 የሚመጣ ከሆነ ከሬዲዮው በፊት አድራሻውን ይመርምሩ። የብሉዚ (የሊኑክስ የብሉቱዝ ሶፍትዌር) ላይብረሪ ስትር-ቱ-ባ የሚባለው ፋንክሽን ጽሑፉን በትክክል ይገለብጥልዎታል።

112ን ከ113 ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው፤ የስህተቶቹ የጽሑፍ መግለጫ ይቀራረባልና። 113 የሚመጣው ከራስዎ ወገን ነው። ከርነሉ ጥሪውን የሚያወጣበት የበራ የብሉቱዝ አዳፕተር አላገኘም፤ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ተነቅሏል። መሣሪያውን መቶ ጊዜ ቢጠሩት ለውጥ የለውም። 113 ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኮኔክት ራሱ ወዲያው ስለሚመለስ ኮድዎ ከ115 ሌላ የሆነ ፈጣን ስህተትንም መያዝ አለበት። የቻናል ቁጥሩ ከ1 እስከ 30 ካልሆነ የሚመጣው 22ም እንደዚሁ ወዲያው ነው። ሶኬቱን መፍጠር ራሱ 97 ወይም 93 ከመለሰ ከርነሉ ላይ የብሉቱዝ ወይም የአርኤፍኮም ሞጁሉ የለም።

111 «እምቢ» ነው፣ ለእኔም ከሁሉ የበለጠ መረጃ የሚሰጠው ስህተት ነው። መሣሪያው በርቷል፣ ሬዲዮው ይሰማል፣ አድራሻውም ልክ ነው፤ ግን በጠየቁት ቻናል ላይ የሚቀበልዎ የለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቻናል ቁጥሩ በኮድ ውስጥ ተቸክሎ መቅረቱ ነው። የአርኤፍኮም ቻናል ቋሚ ቁጥር አይደለም፤ መሣሪያው ሲነሣ ወይም ሶፍትዌሩ ሲታደስ ሊቀየር ይችላል። አገልግሎቱ ዛሬ በየትኛው ቻናል እንዳለ የሚናገረው ኤስዲፒ (የብሉቱዝ አገልግሎት ማግኛ ፕሮቶኮል) ነው። ስለዚህ 111 ሲመጣ ያንኑ ቁጥር ከመደጋገም ይልቅ ኤስዲፒን እንደገና ይጠይቁ፣ የተገኘው ቁጥር ከተለወጠ በአዲሱ ይሞክሩ። ካልተለወጠ አገልግሎቱ በሌላ ደንበኛ ተይዞ ይሆናል፤ ብዙ ትናንሽ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስተናግዱት።

111 ግን ሌላ ነገርም ይደብቃል። የማጣመር ችግር ሲኖር ስህተቱ በየትኛው ደረጃ እንደተገኘ ይለያያል፦ ማረጋገጫው ሲከሽፍ 13፣ ወዲያኛው ወገን የማጣመሪያ ቁልፉን ረስቶት ከሆነ 52 ሊመጣ ይችላል። በአርኤፍኮም ደረጃ ላይ የደኅንነት ጥያቄው ሲወድቅ ግን ከርነሉ ያንን ራሱን ወደ 111 ያወርደዋል። ስለዚህ ቻናሉ ትክክል መሆኑን አረጋግጠው 111 ከቀጠለ ጥርጣሬዎን ወደ ማጣመሩ ያዙሩ። እዚህ ላይ ፕሮግራሙ በራሱ መደጋገሙን ቢያቆም ይሻላል፤ ለተጠቃሚው «መሣሪያውን ከዝርዝሩ አጥፍተው እንደገና ያጣምሩ» ብሎ በግልጽ መንገር ይበልጣል። የተሳሳተ ማረጋገጫ መደጋገምን የሚቀጡ መሣሪያዎችም አሉ፤ በእያንዳንዱ ሙከራ የመጠበቂያ ጊዜውን እያረዘሙ ይሄዳሉ።

ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ አዳፕተር የሚያገናኙ ከሆነ ሁለት ነገር ይጨምሩ። በክላሲክ ብሉቱዝ አንድ ዋና መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሊያስተናግድ የሚችለው 7 ንቁ ተከታዮችን ነው፤ ገደቡ ሲያልፍ 31 ይመጣል። ኖን ብሎኪንግ ስለሆነ ብቻ አምስት ኮኔክት በአንድ ላይ መልቀቅም አያዋጣም፤ ሬዲዮው አንድ ነውና። ብዙ ቺፖች በአንድ ጊዜ አንድ ፔጂንግ ብቻ ያስኬዳሉ። ወረፋ ይሥሩና አንዱ ሲያበቃ ሌላውን ይጀምሩ። የመሣሪያ ፍለጋም እየተካሄደ ከሆነ ከኮኔክት በፊት ያቁሙት።

ስለ ድጋሚ ሙከራ ያለኝ አስተያየት ጠንከር ያለ ነው። በየመቶ ሚሊሰከንዱ የሚደጋግም ሉፕ የብሉቱዝ ፕሮግራምን ከሚያበላሹ ነገሮች ሁሉ የከፋው ነው፤ እያንዳንዱ ፔጂንግ የሬዲዮ ጊዜ ይበላል፣ በዚያው አዳፕተር ላይ በደህና የሚሠሩትን ሌሎች ግንኙነቶች ያዘገያል። ለ112፣ 110 (ጊዜ አለቀ)፣ 104 (ወዲያኛው ወገን አቋረጠ) እና 16 ጊዜውን በእጥፍ እያሳደጉ ይጠብቁ፤ አንድ ሰከንድ፣ ሁለት፣ አራት እያሉ እስከ አንድ ደቂቃ ይሂዱና እዚያ ይቁሙ። ትንሽ የዘፈቀደ ልዩነት ይጨምሩበት፤ ሁለት ፕሮግራሞች ወይም ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ምት እየተነሡ እንዳይጋጩ ነው። ግንኙነቱ ተሳክቶ ወዲያው የሚቋረጥ ከሆነ ቆጣሪውን ወደ አንድ ሰከንድ አይመልሱት፤ የመጀመሪያው ትክክለኛ መረጃ ሲደርስ ብቻ ይመልሱት። ለ113 ደግሞ አዳፕተሩ እንደበራ የሚነግር ክስተት ከዲ-ባስ (በሊኑክስ ፕሮግራሞች መልእክት ከሚለዋወጡበት መንገድ) መጠበቅ ከመደጋገም ይሻላል።

የራስዎ የጊዜ ገደብም ያስፈልግዎታል። ከርነሉ የራሱ ገደቦች አሉት፣ ግን የሚደመሩ ናቸው፦ ፔጂንጉ፣ ከዚያ ማረጋገጫው፣ ከዚያ የአርኤፍኮም ድርድሩ። ቀድሞ ለተጣመረ መሣሪያ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በቂ ነው። ሰው ስክሪን ላይ ቁጥር ማረጋገጥ ካለበት ግን በ15 ሰከንድ መቁረጥ ተጠቃሚውን መበደል ነው፤ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይስጡት። ገደቡን በሞኖቶኒክ (ወደ ኋላ በማይመለስ) ሰዓት ይለኩ፤ የግድግዳው ሰዓት በኔትወርክ ሲስተካከል ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ሊዘል ይችላል። ፖል በሲግናል ተቋርጦ 4 ከመለሰ ግንኙነቱ ምንም አልሆነም፤ የቀረውን ጊዜ አስልተው ፖልን መልሰው ይጥሩ እንጂ ከሙሉው ገደብ አይጀምሩ።

ከተገናኙ በኋላ ያለው አጭር ነው። ንባብ ዜሮ ወይም 104 ከመለሰ ወዲያኛው ወገን ግንኙነቱን ዘግቷል። 11 ሲመጣ «አሁን የለም፣ ቆይተህ ና» ነው እንጂ ስህተት አይደለም። ሲጽፉም ከላኩት በታች ባይት ተቀብሎ ሊመለስ ስለሚችል ቀሪውን ይዘው ቀጣዩን የመጻፍ ምልክት ይጠብቁ። መሣሪያው በድንገት ከክልሉ ሲወጣ ወይም ባትሪው ሲያልቅ ግን ማንም አይነግርዎትም። ማያያዣው መሞቱን ቺፑ የሚያውቀው በክትትል ገደቡ ነው፤ ነባሪው 20 ሰከንድ ነው፣ ከዚያ 110 ይመጣል። ይህ ለሥራዎ ከረዘመ በራስዎ ፕሮቶኮል ውስጥ በየጥቂት ሰከንዱ የሚላክ አጭር የ«አለሁ» መልእክት ያስገቡ።

ቁጥሩ ግራ ሲያጋባዎ በሌላ ተርሚናል ላይ ቢቲሞንን ከፍተው ሙከራውን ይድገሙ። እሱ በከርነሉና በቺፑ መካከል የሚያልፈውን እያንዳንዱን ትእዛዝና ክስተት ከነሰዓቱ ያሳያል። 111ዱ ከቻናሉ ይሁን ከማጣመሩ፣ 112ቱ ከፔጂንግ ይሁን ከሌላ፣ ሁለት ደቂቃ ካዩት ይለያል። ኤርኖ ብዙ ምክንያቶችን ወደ አንድ ቁጥር ይጨምቃል፤ ቢቲሞን ላይ ሁሉም ተለይቶ ይታያል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ስመጣ፣ በሌላ ትሬድ ላይ ብሎኪንግ መጠቀም ነውር የለውም። ከአንድ መሣሪያ ጋር ብቻ የሚነጋገር ፕሮግራም ከሆነ እንዲያውም ለማንበብ ይቀላል። አንድሮይድ ላይ ምርጫም የለም፤ የብሉቱዝ ሶኬቱ ኮኔክት ሁልጊዜ ያግዳል፣ እስከ 12 ሰከንድ ገደማ ሊቆይ ይችላል፣ ማስቆም የሚቻለውም ከሌላ ትሬድ ሶኬቱን በመዝጋት ነው። ዊንዶውስ ላይ በኖን ብሎኪንግ ከሠሩ ደግሞ በ115 ፈንታ 10035 ይጠብቁ፣ የከሸፈ ኮኔክትንም በሴሌክት (እንደ ፖል ያለ የመጠበቂያ ጥሪ ነው) ሦስተኛው ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉት። የእርስዎ ፕሮግራም ግን አስቀድሞ በፖል ዙሪያ የተሠራ ስለሆነና የጎደለው ኤስኦ-ኤረርን ማንበብና ጥቂት ትዕግሥት ስለሆነ፣ ትሬድ ከመጨመር ይልቅ በያዙት መንገድ እንዲቀጥሉ እመክርዎታለሁ። ከ115 በኋላ ያለውን መዝጊያ ዛሬውኑ ያውጡት፣ በምትኩ ፖልንና ኤስኦ-ኤረርን ያስገቡ። ከዚያም በኋላ 16 ወይም 107 ካዩ የቢቲሞኑን ውጤት ይዘው ይመለሱ፣ አብረን እናየዋለን።